መቀሱን የያዘው ማነው?

 

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስታልፉ ወደ በረንዳዎቹ ቀና በሉ። ግቢ የሌለው ሰው አትክልቱን በጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን ተክሎ ፎቅ ላይ ይዞት ወጥቷል። በከተማችን በየቤቱ ከሚተከሉት አንዱ ፋይከስ ነው፤ የዋርካና የሾላ የቅርብ ዘመድ። ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ተክለው እየከረከሙ ትንሽ ግን ሙሉ ዛፍ ሲያደርጉት ቦንሳይ ይባላል፤ ከቻይና ተነስቶ በጃፓን የዳበረ ሙያ ነው።

ይህች ትንሽ ዛፍ አንድ ጥያቄ ታነሳብናለች። ችግር የደረሰበትን ሰው «አይዞህ፣ ሊያሳድግህ ነው» እንላለን። ግን መቆረጥ ሁሌ ያሳድጋል?

መጀመሪያ ዛፏን እንይ። የቅርንጫፏ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይልካል። በዚህ ምክንያት በየቅጠሉ መጋጠሚያ ያሉት ቡቃያዎች ተኝተው ይቆያሉ፤ እድገቱን ሁሉ ጫፉ ይወስደዋል። ጫፉ ሲቆረጥ የተኙት ይነቃሉ፣ አንድ በነበረበት ሁለትና ሦስት ቀንበጥ ይወጣል። ሱብሓነላህ! አዲሶቹ ቅርንጫፎች ከውጭ አልመጡም፤ እዚያው ነበሩ።

በእኛም ውስጥ ስንት ኸይር ተኝቷል? አንዱ ጫፋችን፣ ስልኩ ወይም ዝናው ወይም ገንዘቡ፣ ጉልበታችንን ሁሉ ወስዶት ቁርኣኑም ዝምድናውም ተኝተዋል። ዘካ የሚለው ቃል በዐረብኛ መጥራትንም ማደግንም የያዘው በከንቱ አይደለም። ከመቶ 2.5 ስትሰጡ በቁጥር ይቀንሳል፣ በበረካ ግን ያድጋል። የራሳችንን ነፍስ መከርከም የራሳችን ሥራ ነው።

ሁለተኛው አላህ የሚወስደው ነው። በሱረቱል በቀራ 155ኛ አንቀጽ ላይ በፍርሃት፣ በረሃብ፣ በገንዘብ፣ በሰው ሕይወትና በፍሬ መጉደል እንደምንፈተን ተነግሮናል፤ ብስራቱም ለታጋሾች ነው። ትዕግሥት ማለት ግን አለማመም አይደለም። ፋይከስ ስትቆረጥ ነጭ ወተት ታፈሳለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ጌታቸውን የሚያስቆጣ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ስለዚህ ሐዘንተኛን «አታልቅስ፣ ኢማንህ የት ሄደ?» አንበለው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ሰው ሰውን ሲቆርጥ። አባት ልጁን በእንግዳ ፊት ያዋርድና «ለተርቢያ ብዬ ነው» ይላል። አስተማሪ ተማሪውን ይሰብርና «ይጠነክራል» ይላል። አሠሪ የሠራተኛውን ደሞዝ ይዞ «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ይላል።

እስኪ የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስቡት። ወንድሞቹ ጉድጓድ ጣሉት፤ አላህ ከዚያ አንስቶ የግብፅ ባለሥልጣን አደረገው። ታዲያ ወንድሞቹ ተመሰገኑ? አልተመሰገኑም። ጥፋታቸውን አምነው ምሕረት ጠየቁ። ፍሬው የአላህ ሥራ ነው፣ በደሉ ግን የእነርሱ ነው። የተበደለው ሰው ቢያድግ እንኳ የበዳዩ ሒሳብ አይሰረዝም። የአላህን ቀደር ለራሳችን ጭካኔ መሸፈኛ አናድርገው።

ታዲያ ልጅ አይታረም ማለት ነው? ይታረማል እንጂ። ግን የሚከረክም ሰው እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ቅጠሏን እያራገፈች የደከመችን ፋይከስ አይቆርጥም፤ እስክትበረታ ይጠብቃል። ከቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ይተዋል፤ ባዶውን ካስቀረው ሊደርቅ ይችላልና። ከዚያ ብርሃን ያለበት ቦታ ያስቀምጣታል፣ ውሃዋን ይመጥናል። የጅማ ቡና ገበሬም ያረጀ ቡናውን ከመሬት 30 እና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይጎነድላል። ምርቱን እያጣ ይጠብቃል፣ ያርማል፣ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራውን መርጦ ያሳድጋል። ከመቀሱ በኋላ ያለው ሥራ ከመቀሱ ይበልጣል።

አነስ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን «ኡፍ» እንዳላሉት ተናግሯል። ያ ልጅ አድጎ ሐዲሥ በብዛት ካስተላለፉት ሶሓቦች አንዱ ሆነ። ብዙ ቅርንጫፍ ያለ መቀስም ይወጣል።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፦ ከቆረጣችሁት ሰው አጠገብ ቆይታችሁ ውሃ ታጠጣላችሁ ወይስ ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ? አላህ ወስዶ አይተወንም፤ ከመታገሥ ጋር አብሮን እንዳለ ነግሮናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቆርጠን እንሄዳለን።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ነገር እናድርግ። ከራሳችን አንድ ጫፍ እንምረጥና እንቁረጥ። በቃል የሰበርነው ሰው ካለ ደግሞ ልጃችንም ቢሆን ሄደን «አፉ በለኝ» እንበለው።

ያ አላህ! ለነፍሳችን መቀስ፣ ለወንድሞቻችን ውሃ እንድንሆን አድርገን። የወሰድክብንን በተሻለ ተካልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍንና ሰለዋትን አትርሱ።