ሳሙኤልን የመከረ ሽማግሌ፦ ስለ ልጆቻችን የሙያ ምርጫ



በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ወደ ካህኑ ዔሊ ሦስት ጊዜ ሮጠ። ዔሊ ሁለት ጊዜ ነገሩ አልገባውም፤ ተመልሶ እንዲተኛ ብቻ ነገረው። በሦስተኛው ግን የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለ፤ ለሚጠራውም እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ሳሙኤል ታዛዥነት ነው። በዚህ እትም ግን ስለ ዔሊ ልናሰላስል ወደድን፤ ወላጆች፣ መምህራን፣ ካቴኪስቶችና ካህናት የሆንን ሁላችን የቆምነው በእርሱ ቦታ ነውና። ኮሌጅ የሚገቡትም ሆኑ በኮሌጅ ያሉት ልጆቻችን ወደ እኛ እየመጡ ምን እንማር፣ ምን እንሁን ይሉናል።

ብዙ ጊዜ የምንመልስላቸው ከራሳችን ምኞት ነው። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ሰፊ ነው። አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ገበያ ውላ ያስተማሩት ልጅ የቤቱ ሁሉ ተስፋ ይሆናል። ስለዚህም ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንልን እንመኛለን። ምኞቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ሳይጠየቅ የቤቱ ዕዳ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ምክር መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት ወደ ደጃችን ቀርቧል። በሩ ግን ጠቧል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያጠናቀቁትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ከቤት ለመውጣት ያፈረ ወጣት አለ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ፣ ያለፉትን በስም ጠርተን አስጨብጭበንላቸዋል። በኋለኛው ወንበር አንገታቸውን ደፍተው ስለ ተቀመጡት ግን አንዲት ቃል አልተናገርንም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም።

ለመሆኑ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄደ ልጅ ለምን እንደ ወደቀ ይቆጠራል? ምክንያቱ ከፈተናው ይልቅ አሮጌ ነው። በአገራችን፣ በወላይታም ጭምር፣ ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን ተንቀው ኖረዋል። በሸክላቸው እየበላን፣ በማረሻቸው እያረስን፣ ከእነርሱ ጋር በጋብቻ መተሳሰርን እንደ ነውር ቆጥረናል። ያ ንቀት ዛሬ መልኩን ለውጦ፣ ብየዳ ወይም አናጢነት ለሚማረው ልጅ በምንሰጠው ቀዝቃዛ ሰላምታ ውስጥ ይኖራል። መጽሐፍ ግን ሌላ ይመሰክራል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ የተነገረለት ባስልኤል ብረታ ብረት የሚሠራ፣ ድንጋይና እንጨት የሚቀርጽ የእጅ ባለሙያ ነበረ። ጌታችንም በናዝሬት ከጠራቢ ቤት አደገ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር አስቀድሞ የሚመነጨው ሠሪው ሰው ከመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል።

ያልመረጠው ክፍል ደርሶት የሚያዝን የኮሌጅ ተማሪም አለ። ሕክምና ተመኝቶ ታሪክ፣ ሕግ ተመኝቶ የአፈር ሳይንስ ይደርሰዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የእናቱን ጓሮ እናስታውሰው። የእንሰት ችግኝ በበቀለበት ቦታ አይቀርም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለምግብ የሚደርሰውም ከዓመታት በኋላ ነው። በተነቀለ ማግስት ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ እንግዳ የሞተ ይመስለዋል፤ እናቶቻችን ግን አይደነግጡም። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም ነፍስ በኀዘንና በጨለማ ሳለች ቀድሞ የወሰነችውን እንዳትለውጥ ይመክራል። ስለዚህ በፈተና በወደቀበት ሳምንት ትምህርቱን ሊተው የተነሣውን ተማሪ ጥቂት እንዲታገሥ እንምከረው። ልቡ ጸጥ ካለ በኋላም ያው ሐሳብ ቢጸናበት፣ ያን ጊዜ በቁም ነገር እንስማው።

ካቴኪስቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ሲመለሱ፣ በየቁምስናው ያሉትን ነርሶች፣ መምህራን፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ መካኒኮችና የግብርና ባለሙያዎች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከእነርሱ ጋር አስቀምጧቸው። ባለሙያዎቹ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል፣ ምን እንደሚያደክማቸው፣ ምን እንደሚያስደስታቸው ይንገሯቸው፤ ደመወዛቸውንም አይደብቁ። (ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚያስብ አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል።) ከዚያም እያንዳንዱን ለብቻው፦ “ሳትሰለች የምትሠራው ምንድን ነው? ሰዎች እርዳኝ ብለው ወደ አንተ የሚመጡት በምን ጉዳይ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ለመስማት ታገሡ፤ በእርሱ ፈንታ አትመልሱለት።

ወላጆች ሆይ፤ ታሪኩ በሌሊቱ አላበቃም። ሲነጋ ዔሊ ሳሙኤልን ጠርቶ የሰማውን ሁሉ አንዳች ሳይሸሽግ እንዲነግረው አዘዘው። ብላቴናው ፈራ፤ የሰማው ቃል ለዔሊ ቤት መልካም ዜና አልነበረምና። የእናንተም ልጅ የተመካችሁበትን ትምህርት መተዉን፣ መሬት ለማልማት ወደ ቀበሌው መመለሱን፣ ወይም ገዳም ለመግባት ማሰቡን ሊነግራችሁ ፈርቶ በደጃፍ ቆሞ ይሆናል። ዔሊ ግን በራሱ ቤት ላይ የተነገረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ የእግዚአብሔርም ፈቃድ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ብላቴናውንም አልተቆጣውም።