የቤት ሥርዓትና የልብ ዕረፍት

የሰው ልጅ ሁለት ማደሪያ አለው፤ አንዱ ሥጋው የሚያርፍበት ቤቱ ነው፤ ሁለተኛውም ሐሳቡ የሚመላለስበት ልቡ ነው። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ መስለው ቢታዩም በመካከላቸው ያለው በር ሁልጊዜ ክፍት ስለ ሆነ የአንዱ ሁከት ወደ ሌላው ይገባል። ስለዚህ «የቤትን ዕቃ ማሰናዳት የነፍስ ጉዳይ ነውን? ወይስ ለሥጋውያን የሚተው ከንቱ ድካም ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥያቄው እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባውም። እኛም አስቀድመን በመልሱ ተሳስተን ስለ ነበር ከስሕተታችን እንጀምራለን።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ አንሥቶ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ በኩል ያለው ኑሮ በሃያ ዓመት ውስጥ እጅግ ተለውጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ እየሰፋ ሄዶ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ ኑሮ አሻግሯል። ቀድሞ ማጀቱና ጓሮው፣ የእንጨቱ መከመሪያና የእህሉ ማስቀመጫ ለየብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን መሶቡም፣ ምጣዱም፣ የጤፉ ጆንያም፣ የልጆቹ መጽሐፍም ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ በሆነ ቤት ውስጥ ይተፋፈጋሉ። በሕንፃዎቹ መካከል ለመጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት ቢኖርም፣ ሊጡንና ውኃውን ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድና መውጣት ለደካማ ቀላል አይደለም።

በዚህ ሰፈር የምትኖር አንዲት የንስሐ ልጃችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ «አባ፣ ወደ ቤቴ ስገባ ደረቴ ይጨነቃል፤ ቁጣዬ በልጆቼ ላይ ይወርዳል፤ ጸሎትም አልሆንልህ አለኝ» አለችን። ይህን የነገረችን በኑዛዜ አይደለም፤ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆንም እንድንጽፈው ፈቅዳለች። እኛም ፈጥነን «ልጄ፣ ስግደት ጨምሪ፤ ውዳሴ ማርያምም አታስታጉዪ» ብለን አሰናበትናት። ከአንድ ወር በኋላ ጠበል ልንረጭ ወደ ቤቷ በሄድን ጊዜ ግን መስቀላችንን ይዘን የምንቆምበት ስፍራ አጣን። ሥዕለ አድኅኖው በምሥራቁ ግድግዳ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ግን ያረፉት አማቷ ሣጥን፣ በሣጥኑም ላይ የተበላሸ ቴሌቪዥን፣ የታሰረ ፍራሽና ያረጀ ልብስ እስከ ሥዕሉ ድረስ ተከምሮ ነበር። ስግደት ጨምሪ ያልናት ሴት ጉልበቷን የምታሳርፍበት አንድ ክንድ ስፍራ አልነበራትም።

ምናልባት «ጌታችን ማርታን በብዙ ነገር ስለ ታወከች ገሥጿት የለምን?» የሚል ይኖራል (ሉቃ. 10፥38-42)። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነቀፈው ማገልገሏ ሳይሆን በብዙ መከፋፈሏ ነው። ቤቱን በሥርዓት የሚያሰናዳ ሰውም የሚሻው ከዚሁ መከፋፈል መዳንን ነው። ስፍራ የሌለው ዕቃ ሁሉ ዐይንን ይጠራል፤ «አንሣኝ፣ ጠግነኝ» እያለ ሐሳብን ይበትናል። ቁልፍ ፍለጋ፣ የልጅ ጫማ ፍለጋ፣ ደረሰኝ ፍለጋ የማለዳውን ኃይል ይጨርሰዋል። እንግዲህ ሥርዓት ማርታን ከሁከቷ አሳርፎ በማርያም አጠገብ የሚያስቀምጣት እንጂ ከጌታ እግር የሚያርቃት አይደለም።

ሥርዓትን አስቀድሞ የወደደ ራሱ ፈጣሪ ነው። ብርሃንን ከጨለማ፣ የብስን ከውኃ ለይቶ ለሁሉም ስፍራ ከሰጠ በኋላ ሰውን ፈጠረ። ጌታችንም በምድረ በዳ ሕዝቡን ሲመግብ በመቶና በአምሳ አስቀምጦ ነበር (ማር. 6፥40)፤ የተረፈውንም ፍርፋሪ ሰብስቡ ብሎ ቢያዝ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ሞትን ድል አድርጎ በተነሣ ጊዜም የራሱ መጠምጠሚያ ለብቻው ተጠቅልሎ ተገኘ (ዮሐ. 20፥7)። ቤተ ክርስቲያናችንም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ መከፈሏ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ስፍራ እንዲኖረው ነው።

በተማሪነታችን ዘመን ያደርንባት ጎጆ እጅግ ጠባብ ነበረች። ደበሎው፣ አኮፋዳውና ቅሉ በየችንካሩ፣ ዳዊቱም በማኅደሩ ሆኖ ይሰቀል ነበርና በጨለማ እጃችንን ብንዘረጋ የፈለግነውን እናገኝ ነበር። የመጽሐፉ ቆዳ ማኅደር ይባላል፤ ማደሪያም እንዲሁ ማኅደር ይባላል። ማኅደሩ ከመጽሐፉ ሌላ ቢታጨቅበት ይቀደዳል፤ መጽሐፉም ይጎዳል። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁን አንባቢ ያስተውለው።

ዕቃ የሚከማቸው ግን በስፍራ ጥበት ብቻ አይደለም፤ በፍርሃትና በኀዘንም ነው። «ነገ ይጠቅመኛል» የሚለው ፍርሃት ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበውን ባለጸጋ ይመስላል (ሉቃ. 12፥16-21)፤ ቅዱስ ባስልዮስም በሣጥን የተቆለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። ኀዘንን ግን በችኮላ ልንነካው አይገባም። የዚያች ሴት ባል የእናቱን ሣጥን ማንም እንዳይከፍት ከልክሎ ነበር፤ የጠቡም ሥር ይኸው ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሣጥኑን በገዛ እጁ ከፈተው፤ አንዲት ነጠላ ለመታሰቢያ አስቀርቶ የቀረውን በእናቱ መታሰቢያ ቀን ለነዳያን ሰጠ። ሣጥኑ ቤቱን ሲያጣብብ ኖሮ በዚያ ቀን ጸሎት ሆነ።

ሆኖም ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። መጀመሪያ፣ ተጠርጎና አጊጦ ባዶ የሆነ ቤት ርኩስ መንፈስ ሰባት ሌሎችን ይዞ የሚመለስበት እንደ ሆነ ወንጌል አስጠንቅቋል (ማቴ. 12፥43-45)፤ ጸሎትና ፍቅር ካላደሩበት የቤት ጥራት ራሱ ጣዖት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይህ ሸክም በሚስት ጫንቃ ላይ ብቻ ቢጣል ጭንቀትን ይጨምራል እንጂ አያቀልም፤ ባልም ልጆችም ድርሻቸውን ያንሡ። ሦስተኛ፣ ቤቱ ተሰናድቶም ጭንቀቱ የማይለቀው ሰው ከጸሎቱና ከጠበሉ ጋር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ከምሥራቁ ግድግዳ እንጀምር፤ አንድ ሰው ቆሞ የሚሰግድበትን ስፍራ እናስለቅቅ። ከዚያም ለቁልፉም ለመጽሐፉም ለጫማውም ስፍራውን እንወስን። በዓመቱ መጨረሻ፣ ለቄጤማው ቤት በምንጠርግበት ጊዜ፣ የተረፈንን ለሌለው እናካፍል። እኛ ካህናትም ለተጨነቀ ሰው ቀኖና ከመስጠታችን በፊት የሚኖርበትን ቤት እንይ።

ያቺ ልጃችን በቅርቡ «አባ፣ ቤቱ ያው ጠባብ ነው፤ አሁን ግን እቆምበታለሁ» አለችን። ከዚህ የሚበልጥ ትርጓሜ አላገኘንለትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።