አቦል በሰማይ

«የምንበላው ሳይኖር ጠፈር ምን ያደርግልናል?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ አለ? በ1996 ዓ.ም. 47 ሰዎች የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን ሲመሠርቱ «እብዶች ናቸው» የሚላቸው አላጡም። ጥያቄው ግን የእብድ አይደለም።

የተለመደው መልስ «ሳተላይት ለእርሻ፣ ለአየር ጠባይ፣ ለካርታ ይጠቅማል» ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅም ይኸው ተባለ። እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ነገር ግን መልሱ አንድ ነገር አሳልፎ ይሰጣል፤ ድሃ ሰው እንዲደነቅ የሚፈቀድለት ድንቁ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነማ ባለጠጋ ይደነቅ፣ ድሃ ይቁጠር!

አንድ የታኅሣሥ ምሽት ጥሊሊ ላይ መብራት ጠፍቶ ቡና እየጠጣን ነበር። (ጥሊሊ መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ቤት ድረስ ይወርዳል።)

«እትዬ፣ ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ ያውቃሉ?» አልኳቸው የቤቱን እመቤት።

«አንተ ደግሞ ቀልደኛ ነህ።»

ቀልድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የየአገሩን ሕዝብ ስም አውጡ ብሎ ሲጋብዝ፣ ለእኛ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ኮከቡ ያለው በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በነበረችው። 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው እንግዲህ በዘመነ መሳፍንት ነው! አቦል አንድ ዙር ለመጨረስ 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል።

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «የቱ ነው?»

«በዓይን አይታይም፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይፈልጋል።»

«መነጽሩስ የት ነው?»

«እንጦጦ።»

«እንጦጦ እንዲህ ይጨልማል?»

እንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከሥሩ ያለው የአዲስ አበባ መብራት ግን ሰማዩን ያነጣዋል። የእትዬ ጥያቄ ከባለሙያ ጥያቄ አያንስም።

የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሳተላይት ምን እንዳመጣ ይጠየቅ፣ ይመርመርም፤ በዚህ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። በገዛ ጊዜውና በገዛ ኪሱ ሰማይ የሚያይ ሰው ግን ለማን ነው ሒሳብ የሚያቀርበው? የጥሊሊ ተማሪ ጨለማውን በነፃ አግኝቶታል። ለአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ መግዛት ከአንድ የሆቴል ስብሰባ አበል ይበልጣል እንዴ?