ሸሂድነቷ ክብሯ እንጂ ማመካኛችን አይደለም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሚንበር ላይ ሲነገር ብዙ አይሰማም፤ በየቤታችን ውስጥ ግን አለ። እሱም የነፍሰ ጡር እናቶች የሕክምና ክትትልና የሴቶች የማህፀን ጤና ምርመራ ነው። «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ ወንድም ሊኖር ይችላል። በወሊድ ለሞተች እህት ጀናዛ የምንሰግደውና ቤተሰቧን የምናጽናናው እኛ ከሆንን ግን፣ ከጀናዛው በፊት መናገርም ይገባናል።

እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰበት ቤት ለባልየው የሚነገረው ማጽናኛ አንድ ነው፤ «አብሽር፣ ሸሂድ ናት» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ መንገድ ከሚገደለው ሌላ ያሉትን ሸሂዶች ሲዘረዝሩ፣ በወረርሽኝ የሞተውን፣ ውሃ የወሰደውን፣ እሳት የበላውን፣ ግንብ የተጫነውን ከጠቀሱ በኋላ በእርግዝናና በወሊድ የምትሞተውን ሴት ከእነርሱ ጋር እንደቆጠሯት አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ይህ ለእሷ ታላቅ ክብር፣ ለቤተሰቧም ታላቅ መጽናኛ ነው።

ዝርዝሩን ግን እስቲ በጥሞና እንመልከተው። ውሃ የወሰደው ሸሂድ ነው ስለተባለ ልጁን ከሞላ ወንዝ ዳር ትቶ የሚሄድ አባት አለን? ግንብ የተጫነው ሸሂድ ነው ስለተባለ ካዘመመ ግድግዳ ሥር ቤተሰቡን የሚያስተኛ አባወራ አለን? የለም። ቢኖር ሁላችንም እናወግዘዋለን። እንግዲያው በወሊድ የምትሞተው ሸሂድ ናት የሚለው ብሥራት፣ ነፍሰ ጡርን ያለ ምርመራ ዘጠኝ ወር ለማስቀመጥ ፈቃድ የሚሆነን በየትኛው ሂሳብ ነው? ሸሂድነት አላህ ለእሷ የሚሰጣት ደረጃ ነው። እኛ ማድረግ እየቻልን የተውነው ነገር ደግሞ ለብቻው የምንጠየቅበት አማና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁላችንም እረኞች መሆናችንን፣ ባልም ስለ ቤተሰቡ እንደሚጠየቅ አስተምረውናል።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፤ ሰበቡ ሲያዝ ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው ሊተርፉ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል። ሆኖም በዚያው በ2016 ጥናት፣ ከ100 ወላዶች በሠለጠነ ባለሙያ አንድ ጊዜ እንኳ የታዩት 62 ነበሩ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት 32፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 20፣ በጤና ተቋም የወለዱት ደግሞ 26 ብቻ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት ሳያልፍ እንዲሆን ይመክራል።

ከደርስ በኋላ ይህን ሳነሳ ብዙ ባሎች «ሚስቴ ምንም አላመማትም፤ ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። መልሱ፣ ነፍሰ ጡርን የሚጥለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም መጀመሩ ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ሲል ላይሰማት ይችላል። ካልታወቀ ግን ወደ ማንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት ሊያደርስ፣ እናትንም ልጅንም ሊወስድ ይችላል። ክንዷ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያና ከሽንቷ የሚወሰደው ናሙና ይህን አስቀድመው ይናገራሉ። ደም ያነሳት ሴትም ድካሙን ከእርግዝናው ትቆጥረዋለች፤ በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈሳት ግን የሚተርፋት አቅም የለም። አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘው እንክብል የሚሰጣት ለዚህ ነው።

ስለ ሾተላይ ደግሞ ያልሰማ አለን? ልጆቿ በተከታታይ የሚሞቱባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባል፣ ክታብ ይንጠለጠልላት፣ ከዚያም አልፎ ትፈታ ነበር። ዛሬ ጉዳዩ ግልጽ ነው። የእናቲቱ የደም ዓይነት ኔጌቲቭ ሆኖ ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ደም ሲወርስ፣ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ሊቆጥረውና ሊዋጋው ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ጉዳቱ የሚበረታው በሚቀጥሉት ነው። መከላከያው በእርግዝና ወቅት በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድም በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የደም ዓይነት ምርመራ ብቻ ነው። ነቢያችን ክታብ ከማንጠልጠል ከልክለውን፣ መታከምን ግን አዘውናል። እኛ ስንቶቻችን ነን ተገላቢጦሹን የምንሠራው?

በዚያው የደም ምርመራ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስም ይታያሉ። ኤች አይ ቪ ያለባት እናት ሕክምና ካላገኘች ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት በማጥባት ወደ ልጁ የመተላለፉ ዕድል ከ100 ከ15 እስከ 45 ሲሆን፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። ቂጥኝ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። እዚህ ላይ ለባሎች የምለው አለኝ። ሚስትህን ብቻ ልከህ አንተ ቤት አትቅር። እሷ ታክማ አንተ ካልታከምክ በሽታው ተመልሶ ይይዛታልና፣ አብረህ ተመርመር። ይህ እሷን መጠርጠር አይደለም፤ እሷንም ልጅህንም መጠበቅ ነው።

«የመጣው ይምጣ፤ የአላህ ቀደር ነው» የሚሉም አሉ። በቀደር ማመን የኢማናችን መሠረት ነው። ነገር ግን ቀደርን ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በላይ የተረዳ ማን አለ? ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከሰርግ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር የሚሸሹት ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር መሆኑን መለሱላቸው። በሽታው ቀደር ከሆነ ጤና ጣቢያውም፣ አዋላጇም፣ መርፌውም ቀደር ናቸው። መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ይዟት ከዘንባባ ግንድ ሥር ሳለች፣ አላህ ፍሬውን ያለ ምንም ሰበብ ማውረድ እየቻለ ግንዱን እንድትወዘውዝ ታዝዛለች። ምጥ ላይ ያለች ሴት ሰበብ እንድታደርስ ከታዘዘች፣ ጤነኛው ባል ምን ማመካኛ አለው?

ሌላው ሐያእ ነው። እህቶቻችን ወንድ ሐኪም እንዳያያቸው መፈለጋቸው የሚመሰገን ነው። ዑለማዎችም ተራውን አስቀምጠውታል፤ ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቅደም፣ ከሌለችና አስፈላጊ ከሆነ ወንድ ሐኪም፣ መሕረሟ ባለበት፣ ለምርመራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ያያል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ሴት አዋላጅ እንድታያት በትህትና ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሴት ባለሙያ የለችም ብሎ ወደ ቤት መመለስ ግን ሸሪዓ ያላዘዘው ነው። ሴት ሐኪም ለሚስቱ የሚፈልግ፣ ሴት ልጁን ከ10ኛ ክፍል አስወጥቶ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ያቺ ሐኪም ከየት ትምጣ? ኢማም ገዛሊ «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምና ፈርዱ ኪፋያ መሆኑን ገልጸው፣ ሙስሊም ሐኪም የሌለባቸው ከተሞች እያሉ ተማሪው ሁሉ ወደ ሌላ መስክ መሽቀዳደሙን ወቅሰዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን ድንኳን ተክላ የምታክመው ሩፈይዳ የተባለች ሴት ነበረች። ድንኳኗም በመስጂድ ነበር።

የማህፀን በር ካንሰርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ በሽታ ቀስ ብሎ በዓመታት ውስጥ የሚያድግ፣ አስቀድሞ ከተገኘ በቀላሉ የሚታከም ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሕመም ባይሰማቸውም እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ምርመራው ደቂቃዎች የሚወስድ ነው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው መከላከያ ክትባትም እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን ተጀምሯል። «ይህ የባለጌዎች በሽታ ነው» የሚል ወሬ እህቶቻችንን እያሸማቀቀ ስለሚያስቀር በግልጽ ልናገር። መንስኤው እጅግ የተስፋፋ ቫይረስ ነው። ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ጨዋ ሴት ልትያዝ ትችላለች። ምርመራ የሄደችን ሴት በክፉ የሚያነሳ ምላስ በጥቡቅ ሴቶች ላይ የሚነገር ቅጥፈት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ ያስታውስ።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት ነው። ሦስተኛው የመንግሥትና የተቋማቱ ኃላፊነት ነው፤ እኛም ልንጠይቅበት ይገባል። የመጀመሪያው ግን በእኛ በባሎች፣ በአማቶችና በእናቶች እጅ ነው። «እኔ ሰባት ልጅ ቤት ውስጥ ወልጃለሁ» የሚሉ እናቶቻችንን እናከብራለን፤ አላህ ስላተረፋቸውም እናመሰግናለን። ያልተረፉት ግን መጥተው ሊነግሩን አይችሉም። ባል ከልክሏት ጉዳት ቢደርስባት ደግሞ፣ ጉዳትን ጨርሶ የከለከለው ሸሪዓ ለእሱ ምስክር አይሆንለትም።

የታሪክ ጸሐፊዎች ያስቀመጡልን አንድ ነገር አለ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሌሊት ሲዘዋወሩ ከመዲና ዳር አንድ ድንኳን ያገኛሉ። ውስጥ አንዲት መንገደኛ ምጥ ይዟታል፤ ከባሏ በቀር ሰው የላትም። ዑመር ወደ ቤታቸው ሮጠው ባለቤታቸውን ኡሙ ኩልሱምን ለአዋላጅነት ይዘው፣ ዱቄትና ስብ በጀርባቸው ተሸክመው ተመለሱ። እሷ ድንኳን ውስጥ ስታዋልድ፣ የሙእሚኖች መሪ ደጅ ላይ እሳት እፍ እያሉ ምግብ አበሰሉ። ባልየው ማን እንደሆኑ ያወቀው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነበር። ለመንገደኛ ሴት ኸሊፋው ይህን ካደረጉ፣ ለገዛ ሚስታችን አንድ ጠዋት ከሥራ ቀርተን ጤና ጣቢያ ማድረስ ይከብደናልን?

እንግዲህ ወንድሜ፣ እርግዝናው እንደታወቀ ሳትዘገይ ይዘሃት ሂድ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ለትራንስፖርትና ከውጭ ሊታዘዝ ለሚችል መድኃኒት ከወዲሁ ቆጥብ። የመውለጃ ጊዜዋን እወቅ፣ የባለ መኪና ጎረቤት ስልክ ያዝ፣ ደም የሚለግሱ ሁለት ሰዎች አዘጋጅ። ራስ ምታት ሲጸናባት፣ ዓይኗ ሲጨልምባት፣ ደም ሲታያት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ሲቀንስባት እስኪነጋ አትጠብቅ። ረመዳን ሲመጣም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ የሰጡትን ፈቃድ አትንፈጋት። ገጠር ያሉ እህቶችህንም አትርሳ፤ ቤታቸው ከጤና ጣቢያ ከራቀ ቀናቸው ሲደርስ የእናቶች ማቆያ እንዲገቡ ደውለህ ምከር።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ በሴቶች የደርስ ቀን አንዲት አዋላጅ ነርስ ጋብዙ። ለጀናዛ ማጓጓዣ ገንዘብ የምናዋጣ ጀመዓ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ለማድረስ የሚሆን ገንዘብ ማዋጣት አያቅተንም።

አላህ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን። በወሊድ ያለፉትን ከሸሂዶች ጋር ይቀስቅስልን። እኛንም አማናችንን ከሚወጡት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።