ቆዳ የለበሰ ጠረጴዛ ይቀደሳል?

የኮምፒውተር ቺፕና የማተሚያ ማሽን የሚመረትበት፣ በእስራኤል የሚገኘው የቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ስለ ዱሮ የጽሕፈት ጠረጴዛ ለማውራት የሚመች ቦታ አይመስልም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ባስጀመረው ፋብ 28 ቺፕ ያመርታል፤ ኤችፒም ኢንዲጎ የተባሉትን ዲጂታል ማተሚያዎች የሚሠራው በዚችው ከተማ ነው። ከፋብሪካዎቹ ወዲያ ባሉት ሰፈሮች ግን ከጎንደርና ከአካባቢው የመጡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ። በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ፣ በስደትና በበረሃ ሳይጣል የመጣ የብራና መጽሐፍ ዛሬም አለ።

ከእንዲህ ያለ ወገን የተወለደ ሰው ላዩ ቆዳ የለበሰ የዱሮ ጠረጴዛ ልግዛ ብሎ ሲነሣ፣ ነገሩ በዋጋና በውበት ብቻ አይቋጭም። የአያቱ ኦሪት በላዩ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ምን ይሆናል? ዕቃ ሆኖ ይቀራል ወይስ ከመጽሐፉ ክብር ይካፈላል? ከመቶ ዓመት በፊት ማን ምን ሲጽፍበት እንደኖረ አለመታወቁስ ያጎድፈዋል?

በመጀመሪያ ዕቃውን ማወቅ ይገባል። በገበያ «አንቲክ» ተብለው የሚቀርቡት ቆዳ ለበስ ጠረጴዛዎች በብዛት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተሠሩ፣ ወይም የእንግሊዙን አሠራር ተከትለው የመጡ ናቸው። ቆዳው ለጌጥ ብቻ አልተለበጠም። ሰው በላባና በብረት ብዕር በሚጽፍበት ዘመን ባዶ እንጨት ለብዕሩ ጫፍ ይጠጥርበት ነበር፤ ቆዳ ግን ለዘብ ብሎ ይቀበለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚለበጠው ከበግ ሌጦ ተሰንጥቆ የወጣ ስስ ቆዳ ነው። አንድ የበግ ቆዳ ሰፊ ጠረጴዛ ስለማያዳርስ ትልልቆቹ በሦስት ቦታ ተከፍለው ይለበጣሉ፤ ዙሪያቸውም በወርቅ ቅብ ሐረግ ይታተማል። ቆዳው ከእንጨቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ በ1850 የተሠራ ጠረጴዛ ከብዙ ዘመን በኋላ የተለበጠ ቆዳ ቢኖረው አያስደንቅም፤ ነውርም አይደለም። ዕድሜውን የሚመሰክረው መሳቢያው ነው። መሳቢያውን አውጥቶ ጥጉን ማየት ነው፦ በእጅ የተጠረበ መጋጠሚያ ጥርሶቹ አንዱ ሰፋ አንዱ ጠበብ ይላል፤ በማሽን የተቆረጠው ግን ልክ በልክ ነው። ቆዳው በጣት ሲዳሰስ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ስለተበላ ዘይት መቀባት አይመልሰውም።

የዕቃው ነገር ይህን ያህል ነው። ከባዱ ጥያቄ ቅድስናው ነው፤ እርሱንም በ4ኛው ክፍለ ዘመን በባቢሎን ያስተማረው ራባ የተባለ ሊቅ አንሥቶት ነበር። የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ በመጊላ ክፍሉ እንደሚተርከው፣ ራባ የኦሪት ጥቅልል የሚነበብበትን ማኖሪያ በመጀመሪያ የአገልጋይ አገልጋይ አድርጎ ያየው ነበር፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ራሱ ስለማይነካ የተለየ ክብር አያሻውም ባይ ነበር። ኋላ ሰዎች ጥቅልሉን በቀጥታ ሲያሳርፉበት ተመለከተና ፍርዱን ለወጠ፤ ማኖሪያው ቅዱሱን ነገር ራሱን የሚያገለግል ሆነ፤ እንደ ተራ እንጨት መጣሉም ተከለከለ። በዚያው ክፍል ሕጉ ዕቃዎችን ለሁለት ይከፍላል። የዳስ በዓል ዳስና የሚነፋው ቀንድ አገልግሎታቸው ካበቃ በኋላ ሊጣሉ ይችላሉ፤ የመጻሕፍት ከረጢትና የጥቅልል መጎናጸፊያ ግን ቢያረጁም በክብር ይሰወራሉ።

እዚህ ላይ ራባ ያየውን ልብ ማለት ይበጃል። ፍርዱን ያስለወጠው የእንጨቱ ዓይነት፣ ዕድሜው ወይም የጠራቢው ስም አልነበረም። ሰዎች በዕለት ተዕለት ምን እንደሚያኖሩበት አይቶ ነው የፈረደው። እርጅና ማንንም ዕቃ አይቀድስም፤ የሁለት መቶ ዓመት ጠረጴዛ የሁለት መቶ ዓመት ደረሰኝ ብቻ የተፈረመበት ሊሆን ይችላል።

የቤተ እስራኤል መጻሕፍት ታሪክ ይህን አሳብ ያጠነክራል፤ ያወሳስበዋልም። ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ የብራና ጥራዝ ነው፤ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት፣ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከእነዚህ ጥራዞች ብዙዎቹ የክርስቲያን ጸሐፍት የገለበጧቸው ናቸው። ቤተ እስራኤል በገንዘባቸው ገዙ፤ ሥላሴን የሚጠራውን መክፈቻ ፍቀው በእስራኤል አምላክ ምስጋና ተኩ፤ ከዚያም ለትውልድ አነበቡበት፣ ጾሙበት፣ ስግድ በተባለው በዓላቸው ዕለት ወደ ተራራ ይዘውት ወጡ። የረቢዎቹ ሕግ ግን ስለ ኦሪት ጥቅልል ሲናገር የጸሐፊውን ማንነት አጥብቆ ይጠይቃል፤ በታልሙድ የጊቲን ክፍል እንደተመዘገበው መናፍቅ የጻፈው ይቃጠላል፣ አሕዛብ የጻፈው ይሰወራል። የረቢዎቹ ሕግ ቅድስናን ከጸሐፊው እጅና አሳብ ይጀምራል፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ ግን በአንባቢው እጅ ሲፈጸም ኖሯል። ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው። ያም ሆኖ ከተራራ ተራራ የተሸከሙትን መጽሐፍ ስለ ገልባጩ ሃይማኖት ብሎ ማቃለል ፍትሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰቡ እጅ የነበሩ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት መለየታቸውን ሲያስታውቅ፣ ለአምስት መቶ ዓመት ያቆያቸው የእነዚሁ ሰዎች ክብካቤ መሆኑ ግልጽ ነበር።

መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ጠረጴዛ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ጸሐፊ መሬት ላይ ወይም በዝቅተኛ መቀመጫ ተቀምጦ ብራናውን በጉልበቱ ይይዛል፤ ቀለሙን በቀንድ፣ ብርዑን ከመቃ ያዘጋጃል። የጥንት ጸሐፍት በጠረጴዛ ይጽፉ እንደነበረም ያከራክራል፦ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተቆፈረው ፍርስራሽ ወደ 5 ሜትር የሚረዝም በኖራ የተለሰነ ጠረጴዛና የቀለም ማስቀመጫ አስገኝቷል። ቆፋሪው ሮላን ደ ቮ ቦታው የጸሐፍት አዳራሽ ነው ሲል፣ ሌሎች ጠረጴዛው ለመጻፊያ እጅግ ዝቅ ያለ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በጥንቱ ዓለም ጸሐፊ ጉልበቱ ላይ ይጽፍ ነበርና። በኢትዮጵያ ቆዳ ከመጽሐፍ ጋር የሚገናኘው በድጉሱና በማኅደሩ ነው። ይህ የቆዳ ማኅደር ታልሙድ በክብር ይሰወር ካለው የመጻሕፍት ከረጢት ጋር አንድ ወገን ነው።

ቆዳ ሲነሣ ግን ቆዳ ፋቂውን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ ሚሽና የቆዳ ማልፊያ ከከተማ 50 ክንድ እንዲርቅ፣ ያውም በምሥራቅ በኩል ብቻ እንዲሆን ያዛል፤ ዛሬ የኢንዱስትሪ ቀጠና ከመኖሪያ ሰፈር የሚለይበት አሳብ ያን ያህል ዕድሜ አለው። ማልፊያው እንዲርቅ የተደረገበት ምክንያት ሽታው ነበር። ታልሙድም ዓለም ያለ ሽቶ ቀማሚና ያለ ቆዳ አልፊ እንደማትቆም ካመነ በኋላ ለሁለተኛው ያዝንለታል። በአገራችን በኢትዮጵያ ነገሩ ከዚህ ከፋ፤ ሽታው ቀርቶ ሰውየው ተናቀ። «ፋቂ» ስድብ ሆነ። የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎችም «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ማረሻቸውና ማሰሯቸው ሲፈለግ እነርሱ ተገፉ። ከሌጦ የተሠራውን መጽሐፍ የሚሳለም ሰው ሌጦውን የፋቀውን ከገበታው ማራቁ በሃይማኖት ስም የተፈጸመ ትልቅ በደል ነው። በወርቅ ሐረግ የታተመውን ቆዳ በመዳፉ የሚዳስስ ገዢም ከዚያ ለስላሳ ገጽ በስተጀርባ የሰው ድካም እንዳለ ቢያስብ ተገቢ ነው።

ሕጉ ራሱ ይህን ድካም በደንብ ያውቀዋል። ሚሽና በሰንበት ከከለከላቸው 39 ሥራዎች ዘጠኙ አንድ ሌጦ መጽሐፍ እስኪሆን የሚያልፍበትን መንገድ በተርታ ይከተላሉ፦ አጋዘን ማጥመድ፣ ማረድ፣ መግፈፍ፣ ጨው መነስነስ፣ ማልፋት፣ መፋቅ፣ መቁረጥ፣ መጻፍ፣ የተጻፈውን መደምሰስ። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለ መጽሐፍ ያላቸውና ሰንበትን በጥብቅ ሲያከብሩ የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህን የሰንበት ዕረፍት የሚያስረዳቸው አማካሪ አያሻቸውም። አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ብዕር ከጠረጴዛው ይነሣል፤ ንባብ ግን ይቀጥላል።

እንግዲህ ጠረጴዛው ይቀደሳል ወይ ለሚለው የራባ መንገድ ይበቃል። የቤት ኪራይ ሂሳብና የልጆች የቤት ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ የተከበረ ዕቃ ነው፤ ቅዱስ አይደለም። ለኦሪቱ ብቻ የተለየ ከሆነ ግን እንደ ቅዱስ ዕቃ ሊያዝ ይገባል። ሁለቱንም እንዲያገለግል የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ቀን አሳቡን ቢወስን ይሻለዋል፤ ሹልሐን አሩኽ የተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍም ለምኩራብ ዕቃዎች እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የሚነገር ውል ይፈቅዳል።

የብራና መጽሐፍ በቤታችሁ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ጠረጴዛው ይቆያችሁ፤ መጽሐፉ ይቅደም። ከመስኮት ፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ዘይትም አትቀቡት። ለልጆቻችሁ አውጥታችሁ አሳዩአቸው፤ ማንበብ የሚችሉ ቄሶች በሕይወት ሳሉ ልጆቹን ከጎናቸው አስቀምጡና አስነብቡት።