ዋጋው በውስጥ መስመር



ዛሬ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዘንቢል ይዞ የሚወጣ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ከልጆቻችሁ ጫማ አንሥቶ እስከ ሳሎን ምንጣፍ ድረስ በስልክ ትመርጣላችሁ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚነግዱ ወንድሞችና እህቶች የዕቃውን ፎቶግራፍ ከፊትና ከኋላ አንሥተው ያወጡታል፤ ቀለሙን ይዘረዝራሉ፤ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ኦርጅናል መሆኑንም ይነግሩናል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። በእርሱ ቦታ “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ሃምሳ ሰው “ዋጋ?” እያለ ይጠይቃል፤ ለሃምሳውም የሚሰጠው መልስ “ኢንቦክስ አድርገንልዎታል” የሚል ነው።

ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ የሚገርመው ሰው የለም። እኔ ግን ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። ለሃምሳ ሰው ለየብቻ የሚነገር ዋጋ፣ ለሃምሳው ባንድነት የማይነገረው ለምንድን ነው? ይህስ በደል ነው ወይስ የንግድ ብልሃት?

ቸኩሎ “ሐራም ነው” ማለት ይቀላል፤ ግን እንዲህ በችኮላ የሚባል ነገር አይደለም። በሸሪዓችን መደራደር ተፈቅዷል። ሻጭ ለአንዱ ቀንሶ ለሌላው ጨምሮ ቢሸጥ ውሉ በዚህ ብቻ አይፈርስም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች መጥተው ዋጋ እንዲተምኑላቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቢጠይቋቸው፣ በማንም ሰው ገንዘብ ላይ በደል ኖሮባቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይሹ ገልጸው ሳይተምኑ ቀርተዋል። ስለዚህ ዕቃው ይህን ያህል ይሽጥ፣ ያን ያህል አይሽጥ የሚል ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ ዋጋው ይታወቅ ወይስ ይደበቅ የሚለው ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

“መርካቶስ ቢሆን ዋጋ የሚለጥፍ ስንቱ ነው?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አንዲት እናት የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ መርካቶ ስትወጣ የሚሆነውን እስቲ እናስተውል። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ አንድ ዋጋ ይጠራል። እርሷ ጨርቁን ዳሰስ አድርጋ ወደ ቀጣዩ ትሻገራለች፤ ሦስተኛውንም ትጠይቃለች። ጨርቅ ተሸክማ የምትወጣ ሌላ ሴት ካየች “እናቴ፣ ስንት ገዛሽው?” ትላታለች፤ ያቺም አትደብቃትም። ተመልሳ የመጀመሪያው ሱቅ ስትደርስ የምትከራከረው ዐውቃ ነው። ባለ ሱቁም ማወቋን ከዓይኗ ያያል። በመርካቶ ዋጋው በወረቀት ባይጻፍም ከሰው ጆሮ ወደ ሰው ጆሮ ይሄዳል። በውስጥ መስመር ግን እያንዳንዱ ገዢ ከሻጩ ጋር ለየብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ለጎረቤቱ ምን ያህል እንደተነገረው አያውቅም፤ ሃምሳው ሰው አጠገቡ ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው የለውም። ስለዚህ የመርካቶ ምሳሌ የውስጥ መስመሩን አያጸድቀውም።

ይህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ከገጠር ወደ ከተማ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ቅፍለቶች ነበሩ። ከከተማው ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ መንገድ ወጥተው ቅፍለቱ ገበያ ሳይደርስ ተቀብለው ይገዙ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሚዛን አልተሰረቀም፣ የተበላሸ ዕቃ አልተሸፈነም፣ ማንም አልተገደደም። ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ተለያይተዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጪው የገበያውን ዋጋ አያውቅም፣ ተቀባዩ ግን ያውቃል፤ መንገድ ድረስ የወጣውም ያኛው ሳያውቅ በፊት ሊደርስበት ነው። ባለ ዕቃው ገበያ ገብቶ መጎዳቱን ሲረዳ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ እንዳለው ከሐዲሱ ተነሥተው ብዙ ዑለማኦች አስተምረዋል። እንግዲህ “በፈቃዱ ተስማማ” የሚለው መልስ ብቻውን እንደማይበቃ እዚህ ላይ እናያለን። ፈቃድ ማለት ዐውቆ መፍቀድ ነው።

እርግጥ ነው፣ በቅፍለቱ የተጎዳው ሻጭ ነበር፤ በስልኩ የሚጎዳው ገዢ ነው። ዋጋ ሳያውቅ ሻጩን አምኖ የሚገዛውን ሰው የፊቅህ መጻሕፍት “ሙስተርሲል” ይሉታል። የሐንበሊ መዝሀብ እንዲህ ያለው ሰው ከልማድ ባለፈ ሁኔታ ከተጎዳ ውሉን የመመለስ መብት ይሰጠዋል። ከእኛ ብዙዎቹ በሚከተሉት በሻፊዒይ መዝሀብ ግን በዋጋ መጎዳት ብቻውን ውል አያፈርስም፤ ጠይቆ መረዳት ነበረበት ይባላል። መድረሳ ውስጥ ትልልቆቹን ተማሪዎች ይህን ሳስተምር “ከማን ይጠይቅ?” የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ጠይቅ መባሉ የሚጠየቅ ገበያ አለ ከማለት ነው። የሚጠየቀው ቦታ ሆን ተብሎ ሲዘጋስ? ይህን የምለው እንደ አስተማሪ ሐሳብ ለማቅረብ ነው፤ ፈትዋ የሚሰጡ ባለቤቶች አሉት።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካው አማዞን ተመሳሳይ የፊልም ዲቪዲ ለተለያዩ ደንበኞች በተለያየ ዋጋ ያቀርብ ነበር። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ደረሱበትና ተቆጡ። ኩባንያው ዋጋውን የለያየሁት ለሙከራ በዕጣ ነው እንጂ የሰውን ማንነት አይቼ አይደለም ብሎ፣ አብልጠው ለከፈሉት ልዩነቱን መለሰላቸው። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነበር። ሰዎቹን ያስቆጣቸው የገንዘቡ ብዛት አልነበረም፤ ያመኑት ነጋዴ ከጀርባቸው ሌላ ዋጋ መያዙ ነው። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። አንዲት እህት ቀሚስ በገዛች ማግስት ጎረቤቷ ያንኑ ቀሚስ ከዚያው ሻጭ በሦስት መቶ ብር ቀንሳ መግዛቷን ብትሰማ፣ ሦስት መቶ ብሩን ትረሳዋለች፤ ሻጩን ግን አትረሳውም። ፎቶግራፌን አይቶ ነው? ሰፈሬን ጠይቆ ነው? እያለች ታስባለች። ምናልባት አንዱንም አላደረገ ይሆናል። የተደበቀ ዋጋ ግን ንጹሑንም ሻጭ ያስጠረጥረዋል።

የማድረሻውም ነገር እንደዚሁ ነው። በውስጥ መስመር የተነገረው ዋጋ ሌላ፣ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሌላ ይሆናል። ገንዘቡ በቴሌብር ቀድሞ ተልኮ ከሆነ ደግሞ ገዢዋ ምን አማራጭ አላት? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የማይቀርን ክፍያ ሸሽጎ በመጨረሻ መጨመር በሕግ ተከልክሏል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2022 ጀምሮ “ቅናሽ አደረግሁ” የሚል ነጋዴ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ እንዲጽፍ ይገደዳል። በአገራችንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል። ሕጉ አለ። በየሰው ስልክ ውስጥ ግን ተቆጣጣሪ አይገባም፤ እዚያ የሚገባው የሰውዬው የራሱ አላህን መፍራት ነው።

ነጋዴዎቹም ምክንያት አላቸው፤ ሳይሰሙ መፍረድ ደግሞ ፍትሕ አይደለም። አንዱ “ዋጋ ከጻፍኩ ጎረቤቴ ሃምሳ ብር ቀንሶ ደንበኛዬን ይወስዳል” ይላል። ይህ እውነት ነው። ግን የሚከላከለው ከማን ነው? ከጎረቤቱ ለመሸሽ ብሎ መጋረጃውን በገዢው ዓይን ላይ ይጋርዳል። ደግሞም ጎረቤቱ እንደ ገዢ መስሎ በውስጥ መስመር ቢጠይቅ ዋጋው ይነገረው የለም ወይ? ሌላው “ሰው ‘ዋጋ?’ እያለ ሲጽፍ ማስታወቂያዬ ለብዙ ሰው ይታያል” ይላል። ይኼኛው እንኳ ብዙ መልስ አያሻውም፤ የሰውን ጊዜ ለራሱ ማስታወቂያ ማዋሉን በአፉ ተናግሯል። ሦስተኛው ግን የሚደመጥ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ሲለዋወጥ አይተናል። ዛሬ በጻፈው ዋጋ ከወር በኋላ ቢጠየቅ ይከስራል። የእርሱን ጭንቀት መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የተባሉት ሶሐባ ስለ ፈረስ ግዢ የሚተረክላቸው ታሪክ አለ። አገልጋያቸው በሦስት መቶ ዲርሃም ፈረስ ገዝቶ ባለቤቱን ገንዘብ ሊያስከፍል አመጣው። ጀሪር ፈረሱን አይተው ከዚህ በላይ እንደሚያወጣ ለባለቤቱ ነገሩት፤ መቶ መቶ እየጨመሩም እስከ ስምንት መቶ አደረሱት። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብተው ነበርና። ይህን ያህል ከዛሬ ነጋዴ የሚጠብቅ የለም። ግዴታም አይደለም። ከነጋዴው የምንጠብቀው ሰውዬው ያላወቀውን ዋጋ እንዲያውቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከፎቶግራፉ ሥር አንድ ቁጥር መጻፍ።

እናንተም የምትገዙት በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። “ዋጋ?” ብላችሁ በአደባባይ ከጠየቃችሁ መልሱንም በአደባባይ ጠይቁ። ዕቃው ደርሷችሁ ስትከፍሉም፣ ስንት እንደገዛችሁና ማድረሻው ስንት እንደሆነ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ፣ ሻጩንም ሳታዋርዱ ከሥሩ ጻፉ። ያቺ መርካቶ ላይ “ስንት ገዛሽው?” ተብላ የመለሰችው ሴት ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ምንዛሪ የሚያስጨንቀው ወንድማችን ደግሞ ቁጥሩን ጽፎ አጠገቡ ቀኑን ይጻፍ፤ “ይህ ዋጋ እስከ ዐርብ ነው” ይበል። ዐርብ ሲደርስ ዕቃው ከተወደደ ቁጥሩን ሰርዞ አዲሱን ያስገባ፤ ሐሙስ ማታ የጠየቀውን ግን በሐሙሱ ዋጋ ይሽጥለት።