ለአፍንጫ የሚተከል

ልጄ፣ ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ቤት ተከራይተሽ ደጁን በአበባ ላሳምር ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። የትኛው እንደሚያምር ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ግን የትኛው እንደሚሸት ልንገርሽ።

ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ከተመረቀ ወዲህ እንዳንቺ ማልደው ወጥተው ማታ የሚገቡ ልጆች በዝተዋል። ቀን የፈካውን አበባሽን የምታየው አከራይሽ ናት፤ ላንቺ የሚሆነው ሲመሽ የሚሸተው ነው። ጠምበለል ትከይ። አበባው ነጭ የሆነው፣ ሽታውም በምሽት የሚበረታው፣ የእሳት ራት በጨለማ እንድታገኘው ነው። አንቺም በዚያው ሰዓት ነው ከሥራ የምትገቢው።

ጽጌረዳ ካልሽ ከዝዋይና ከቆቃ እርሻዎች የሚወጣውን አትመኚ። ያ በአውሮፕላን አውሮፓ ደርሶ ቀናት በብርጭቆ እንዲቆም፣ ግንዱ እንዲረዝም ተመርጦ የተዳቀለ ነው፤ ሽታው በዚያ መሀል ቀርቷል። በአሮጌ ግቢ አጥር ላይ የምታዪው ሮዝ ጽጌረዳ ቶሎ ይረግፋል፣ ግን በሩን ሳትከፍቺ ይቀበልሻል። ባለቤቶቹን ለምኚና እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሪው፤ ክረምት ሲገባ ይሁን። የሀገራችን ቀጋም ሽታው ግሩም ነበር፣ ነገር ግን የደጋ ተክል ነው፤ አዳማ ይሞቀዋል።

ከሁሉም የሚያስቸግርሽ ንፋሱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን ሁለቱን የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች ያስተከለው ይኸው ንፋስ፣ ሽታውን ጠርጎ ለጎረቤት ይወስደዋል፤ አፈሩንም ያደርቃል። ስለዚህ በአጥር ላይ ጨርቅ አንጠልጥለሽ ወዴት እንደሚነፍስ አጣሪ፤ ግድግዳ በሚከልለው በኩል፣ ከመስኮትሽ ሥር አስቀምጪ።

መሬት ከሌለሽ ባዶ የዘይት ጀሪካን ይበቃል፤ አፉን ቆርጠሽ ታቹን ብሺው። ውሃ ሲጠፋ ጎመን ያጠብሽበትን አጠጪው፤ የሳሙናውን ተዪው። ከጠምበለሉ ሥር በሶብላና ጤና አዳም ዝሪ፤ ጤና አዳሙ ለቡናሽም ይሆናል። ጀሪካኑ ደግሞ ቤት ስትቀይሪ አብሮሽ ይሄዳል፤ አከራይሽ ግን ቅርንጫፍ ሳትጠይቅሽ አትለቅሽም፣ ስጫት።